እማኝ ቁጠር የተባልኩ ዕለት

ወጣት ሳለሁ በክርክር ተረትቼ አላውቅም ነበር። የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም፤ ያን ምላሴን ዛሬ ባላስታውሰው ደስ ይለኛል። ሙሉቀን እባላለሁ። ዘመናዊ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ከዚያ በፊት አራት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ። ቅኔውን ሳልጨርስ ጥዬው ብወጣም ነገር መሰንጠቁን ግን ይዤው ወጣሁ። እናቴ "ይኸ ልጅ ሌላው አካሉ ቢታመም ይድናል፤ ምላሱን ካመመው ግን አለቀለት" ትለኝ ነበር። በኋላ ጤና መኮንን ሆኜ ቢቸና ከተማ አንድ ጤና ጣቢያ ስመደብ፣ ምላሴም አብሮኝ ተመደበ።

ነገሩ የሆነው ሰኔ ላይ ነው። ከቢቸናና ከሞጣ አካባቢ የተውጣጣን አርባ የምንሆን የጤና ባለሙያዎች ለአምስት ቀን ሥልጠና ሞጣ ተሰበሰብን። የሥልጠናው ርእስ የታካሚ አያያዝ ነበር። በዚያው ሰሞን በባሕር ማዶ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በሕግ ተፈቀደ የሚል ወሬ በሬዲዮ ይነገር ስለነበር የሻይ እረፍቱ ሁሉ በዚያ ተያዘ። አንዱ "ያን አገር በሽታ ይጨርሰዋል" ይላል፤ ሌላው "ወረቀት ፈረሙ አልፈረሙ ከበሽታው ጋር ምን አገናኘው?" ይላል። ጩኸቱ ክፍል ውስጥ ድረስ እየተከተለን ሥልጠናው አልሄድ አለ።

አሠልጣኛችን ከባሕር ዳር የመጣ ረጋ ያለ ሐኪም ነበር። በሦስተኛው ቀን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "እንግዲህ ካልቀረላችሁ በወጉ ተከራከሩበት" አለን። "በአገራችን ክልክል ነው፤ ሕጉን እዚህ አንወስንም። ጥያቄው አንድ ነው፤ እንዲህ ያለ ጋብቻ በሕግ ቢፈቀድ የኅብረተሰቡን ጤና ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?"

እኔ እጄን አወጣሁ። "ዶክተር፣ ካልቀረ እንደ አባቶቻችን ይሁን፤ በበላ ልበልሃ" አልኩ። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተቀበለኝ። ሥርዓቱን አያቶቻችን ሲያወጉት ሰምተን ያደግን ነን። ተከራካሪ ነጠላውን አደግድጎ፣ በትር ይዞ፣ ቆሞ ይናገራል። ዳኛ ይሰማል። ሸንጎው ነገሩ ካልጣመው "እማኝ ቁጠር!" ይላል፤ እማኝ ቁጠር የተባለ ሰው እማኙን ካላመጣ ተረታ። አንዱ ወገን በገዛ አፉ "ተረታሁ" ካለ ግን ከዚያ ወዲያ እማኝ አይሰማም፤ ነገሩ እዚያው ይዘጋል።

ዕጣ ተጣለ። "ይጎዳል" የሚለው ለእኛ ለቢቸናዎቹ፣ "አይጎዳም" የሚለው ለሞጣዎቹ ደረሰ። ቢቸናዎች እኔን አቆሙ። ሞጣዎች ሲስተር ጥሩወርቅን ሲያቆሙ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሲስተር ጥሩወርቅ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው አዋላጅ ነርስ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ ሥራ አይገቡም፤ የሰኔን ጾም እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። እሳቸው የዚህ ጋብቻ ጠበቃ ሲሆኑ ማን ዝም ይላል?

"ሲስተር፣ ዕጣው ይለወጥልዎ እንዴ?" አላቸው አንዱ።

"ዕጣ ሐዋርያትም ጥለዋል" አሉ። "የደረሰኝን እይዛለሁ።"

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ነጠላ ተውሼ፣ ወገቤን አስሬ ቆምኩ። "በሉ ልበልዎ!" ስል ዳር እስከ ዳር ተሳቀ፤ በላ ልበልሃን እናት ለሚሆኑ ሴት በአክብሮት ማለት እንግዳ ነገር ነበር። እኔም ሳቁን ስንቅ አድርጌ ቀጠልኩ።

"ሕግ መንገድ ነው። መንገድ ሲከፈት ተጓዥ ይበዛል፤ ተጓዥ ሲበዛ በሽታውም አብሮ ይጓዛል። እንዲህ ባለው ግንኙነት አንዳንድ በሽታዎች በቀላሉ እንደሚተላለፉ ሁላችንም ተምረናል። እንግዲህ መንግሥት ፈቀደ ማለት ለበሽታው አስፋልት አነጠፈለት ማለት ነው!"

ጭብጨባው ቀለጠ። ሲስተር ቀስ ብለው ተነሡ፤ የሰጧቸውን በትር እንደ ምርኩዝ ያዙት።

"አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር" አሉ። "ጋብቻው ይገባል አልልም። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም፤ የአገሬም ሕግ አይፈቅድም። የተጠየቅኩት ግን ስለ ጤና ነው፤ በጤና እመልሳለሁ። ልጄ ሙሉቀን ስለ መተላለፉ የተናገረው እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን በሽታ የጋብቻ ወረቀት አይቶ ነው የሚገባው? ወረቀት በሌለበት አገርስ አልገባም?"

በትሩን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

"ቁጥር የለኝም። ያለኝ ሠላሳ ዓመት ጤና ጣቢያ በር ላይ መቆሜ ነው። ኤች አይ ቪ የመጣ ጊዜ 'የአመንዝራ በሽታ' ብዬ በዚህ አፌ አስተምሬያለሁ። እንደዛሬው ሙሉቀን ተጨብጭቦልኛል። ሰዉ ግን ምን አደረገ? ዝሙቱን ተወ? አልተወም። ጤና ጣቢያውን ተወ። ስንቱን ከቤቱ በቃሬዛ ሲያወጡት ነው ያወቅነው። 'በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም' ትላላችሁ። ያስደበቀውስ? ሕግ ሰውን ከተደበቀበት ካወጣው፣ ከአንድ ሰው ጋርም ካጸናው፣ ጤና ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። እኔ የምለው ይኸን ነው።"

ማንም አላጨበጨበም። ከጭብጨባ የባሰ ነገር ሆነ፤ ሰዉ ማሰብ ጀመረ። ከኋላ ወንበር አንዲት ነርስ አንገቷን ስትነቀንቅ አየሁ። ዶክተሩ እንኳ ማስታወሻውን አውጥቶ ይጽፋል። ክርክሩ ከእጄ ሲያመልጥ ተሰማኝ፤ ለእኔ ደግሞ ያን ጊዜ ከዚያ የሚብስ ሞት አልነበረም።

"የተፈቀደው በባሕር ማዶ ነው!" ብዬ ጮኽኩ። "መንገዱ በተዘጋበት በእኛ አገር እንኳ በሽታው በዚህ በኩል እየገባ ነው፤ ቢከፈትማ ምን ሊሆን!"

"እማኝ ቁጠር!" አለ አንድ የሞጣ ሰው።

ሌሎቹም ተቀበሉት። ወለሉን በእግራቸው እየመቱ "እማኝ ቁጠር! እማኝ ቁጠር!" አሉ። ለእነሱ ጨዋታ ነበር። ለእኔም ጨዋታ ነበር። እኔ ግን እማኝ ነበረኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ሰው ክፍሌ መጥቶ ነበር። ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስቱንም ጊዜ "ራሴን ያመኛል" ብሎ ተመልሷል። በአራተኛው በሩን ዘግቶ እውነቱን ነገረኝ። ከምን ዓይነት ግንኙነት እንደታመመ ሲነግረኝ ያየው የነበረው የጫማዬን ጫፍ ነው። ያን ዕለት ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ አልገሠጽኩትም፣ አልተከራከርኩትም። መረመርኩት፣ መድኃኒት አስጀመርኩት፣ ቀን ቀጠርኩለት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አዛንፎ አያውቅም። መድኃኒቱ ካልተቋረጠ ሙሉ ዕድሜውን የሚያስኖረው፣ ከተቋረጠ ግን የሚጥለው ዓይነት ነበር።

እሱን ቆጠርኩት።

ስሙን አልጠራሁም፤ ስም አለመጥራት ብቻ ምሥጢር መጠበቅ ይመስለኝ ነበር። ሙያውን ግን ተናገርኩ። ሁለት ሌሎች ነገሮችም ጨመርኩ፤ እማኙ እውነተኛ መሆኑ እንዲታመንልኝ። ምን ምን እንዳልኩ እዚህ አልደግመውም። በቢቸና ከተማ ያ ሙያ ያላቸውን ሰዎች በአንድ እጅ ጣት መቁጠር ይቻላል፤ ሁለቱ ምልክቶች ሲጨመሩ ደግሞ የሚቀረው አንድ ሰው ነው። ይህን የነገርኩት አሥራ ስምንት የቢቸና ሰዎች በተቀመጡበት አዳራሽ ነው።

ላቀው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ የአካባቢ ጤና ባለሙያ፤ ከተማዋን ቤት ለቤት የሚያውቅ። ከወንበሩ ከፍ ሲል አየሁት። ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ነበር፤ እያሰላ። ፊቱ ፈካ አለ።

"ቆይ እንጂ" አለ፣ "ይኸ እኮ ያ…"

የሲስተር በትር ወለሉን መታው። ደንግጠን ሁላችንም ዞርን።

"ተረታሁ!"

ዶክተሩ ግራ ገባው። "ሲስተር፣ ገና እኮ…"

"ተረታሁ አልኩ፤ በገዛ አፌ አመንኩ። በተረታ ሰው ላይ እማኝ አይሰማም። ዳኛ፣ ሥርዓቱ ይከበርልኝ! ላቀው፣ ተቀመጥ።" ላቀው ተቀመጠ። ወዲያው ድምፃቸውን ቀይረው፣ ፈገግ ብለው፣ "ኧረ የረቺ አምላክ! ምን ዓይነት ምላስ ነው የላካችሁብን? ካሣዬን እከፍላለሁ፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሁላችሁም ከቤቴ ናችሁ" አሉ።

አዳራሹ ተናወጠ። ሞጣዎች "ሲስተር አዋረዱን!" እያሉ ጮኹ፣ ቢቸናዎች እኔን ወደ ላይ አነሡኝ። ላቀው ሊል የነበረው ነገር በዚያ ሁካታ ተዋጠ። እኔም ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከልቤ ደስ አለኝ። ሲስተርን ያየኋቸው ከትከሻ ላይ ሲያወርዱኝ ነው። ላቀውን ክንዱን ይዘው ወደ በረንዳው እየወሰዱት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤታቸው ሞላ። ሽሮው፣ የተልባ ፍትፍቱ፣ ጠላው በያይነቱ ቀረበ። እንግዳው ሁሉ በሳቸው ይስቃል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ ማንም ስለ እማኙ አላነሣም። በልቼ ስጨርስ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ጓሮ፣ የጌሾው ተክል አጠገብ ቆምን። ካፊያ ነበር።

"ሲስተር፣ ሆን ብለው ነው የተረቱት" አልኳቸው። እየገባኝ ነበር።

"ልጄ፣ የቆጠርከው እማኝ የማን እማኝ እንደሆነ አውቀሃል?"

አንድ የጌሾ ቅጠል ቀነጠስኩ።

"የእኔ ነበር። ተደብቆ ኖሮ፣ ሦስት ጊዜ ዋሽቶህ፣ በአራተኛው በርህን ዘጋ። ስላልጮህክበት ዳነ። እኔ ጠዋት ሙሉ ስናገር የነበረው እኮ ስለ እሱ ነው። እኔን ለመርታት አምጥተህ ለእኔ አስመሰከርከው።"

እውነት ነበር። እንዲህ ግልጽ የሆነ ነገር እንዴት እንዳላየሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። "ታዲያ ለምን እዚያው አላሉኝም?" አልኩ። "ያሸንፉኝ ነበር እኮ! አዳራሹ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ይሆን ነበር።"

"ስለ እሱ አንድ ቃል በተናገርኩ ቁጥር ለላቀው አንድ ምልክት እጨምርለት ነበር" አሉኝ። "እኔ ባሸንፍ ምን አገኛለሁ? እሱ ቢታወቅ ግን መድኃኒቱን ያቆማል።"

ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ዳድቶኝ ነበር። ይህችን የምታህል ነገር ለማየት ለካ ምላስ አያስፈልግም። በአርባ ሰው ፊት፣ ትክክል ሆነው ሳለ፣ ማሸነፊያውን በእጃቸው ይዘው፣ መሳቂያ መሆንን መረጡ። ያውም ለማያውቁት ሰው፤ ያውም አኗኗሩን ሃይማኖታቸው ለማይቀበለው ሰው። እንዲህ ያለ ትልቅነት ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አላጋጠመኝም።

"ምን ላድርግ?" አልኳቸው።

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አትመልሰውም። ሄደህ ራስህ ንገረው። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማው ከደጅህ አይደርስም።"

"ቢጠላኝስ?"

"ይጥላህ። መድኃኒቱን አይጥላው እንጂ።"

ሥልጠናው አርብ አለቀ፤ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቢቸና የሚሄድ አውቶቡስ ያዝን። ላቀው ከጎኔ ተቀመጠ። ሌላ ጊዜ አፉ የማያርፍ ሰው እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ቃል አልወጣውም። ከደብረ ወርቅ ስንነሣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ሙሌ፣ ያ ሰውዬ… ማን እንደሆነ ገብቶኛል።"

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

"ሐሙስ ማታ ለባለቤቴ ደወልኩ" አለ።

"ነገርካት?" አልኩት፤ ክንዱን ይዤው ኖሯል።

"ልነግራት ነበር፤ የሴትዮዋ ነገር ከለከለኝ። በረንዳው ላይ ምን አሉኝ መሰለህ? 'የጠረጠርከውን ስም ዋጠው። ከተሳሳትክ ንጹሕ ሰው ትገድላለህ፤ ካልተሳሳትክ የታመመ ሰው ትገድላለህ' አሉኝ። ስልኩን ይዤ ያ ነገር ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ቤት ስለምናሳድጋት በግ ጠየቅኳትና ዘጋሁ።" ክንዱን ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ። "ከእንግዲህም አልናገርም። ግን እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ?"

ይህን ጥያቄ እኔም ስጠይቅ ነበር የሄድኩት። መልሱን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰውዬውን ያገኘሁት የዚያኑ ቀን ነው፤ የት እንደሆነ ይቅር። ሲያየኝ ደስ አለው፤ ይህ ነው ከሁሉ ያሳመመኝ። ከሰው ርቀን ቆምንና አንዱንም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ክርክሩን፣ እማኝ ቁጠር መባሌን፣ ምን ምን እንዳልኩ፣ ሲስተርም ለምን ተረታሁ እንዳሉ። ሌላ ጊዜ እንደ ውኃ የሚወርደው ቃል ያን ቀን እያንዳንዱ ተቆርጦ ይወጣ ነበር።

"ስንት ሰው ነበረ?" አለኝ።

"አርባ ይሆናል። ከዚህ አገር አሥራ ስምንት።"

"ስሜን ጠራኸው?"

"አልጠራሁም።"

"ሌላውን ሁሉ ግን ጠራህ።"

"አዎ።"

ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጁን ሲያወርድ፣ "አንተ ብቻ ነበርክ የምታውቀው" አለ። "እናቴ እንኳ አታውቅም።"

"ጥፋተኛ ነኝ። በፈለግከው በኩል ክሰሰኝ። መድኃኒቱን ብቻ አታቋርጥ፤ ስለ እግዚአብሔር ብለህ።"

"ተረታሁ ያሉት ሴትዮ የት ነው የሚሠሩት?" አለኝ።

"ሞጣ።"

"ወደሳቸው ጻፍልኝ።"

ሰኞ ጠዋት መጣ፤ በሩን ግን አልዘጋውም፤ አልተቀመጠምም። የዝውውር ቅጹን አውጥቼ መሙላት ጀመርኩ። የተላከበት ምክንያት የሚል ቦታ አለ። "በታካሚው ፍላጎት" ብዬ ጻፍኩ። ከትከሻዬ በላይ አነበበው።

"በእኔ ፍላጎት አይደለም" አለኝ።

ልክ ነበር። ሌላ ቅጽ አወጣሁ። "ባለሙያው የታካሚውን ምሥጢር ስላወጣ" ብዬ ጻፍኩና ስሜንና ፊርማዬን ከሥር አኖርኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስንት ወረቀት እንደፈረምኩ አላውቅም፤ እጄ የከበደኝ ግን ያን ቀን ብቻ ነው። አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

ሲስተር ጡረታ እስኪወጡ ተከታተሉት፤ ሲወጡም ለታመነ ሰው አስረክበውታል። በየወሩ መንገዱን ሁሉ አቋርጦ ሞጣ ይሄድ ነበር። እሳቸው አልፎ አልፎ ሲደውሉልኝ ስለ ዝናቡም ስለ ልጆቼም ጠይቀው፣ ሊዘጉ ሲሉ "ደህና ነው" ይሉኛል። ማን እንደሆነ አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። የሞጣ ባልደረቦቻቸው ግን ያን ቀን አልረሱላቸውም፤ "ሲስተር ተረታሁ" እያሉ ዓመት ሙሉ ቀለዱባቸው። አንድ ዐረፍተ ነገር ቢናገሩ ቀልዱ ይቆም ነበር፤ አልተናገሩም። ይህን ጽሑፍ እስክታነቡ ድረስ ለምን እንደተረቱ የምናውቀው ከራሳቸው ሌላ ሦስት ሰዎች ነበርን።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ያ ክርክር ዛሬም ሻይ ቤት ሲነሣ እሰማለሁ። ሕጉን በሚመለከት እናንተ የመሰላችሁን ያዙ፤ እኔም የራሴ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ። በምትከራከሩበት ጠረጴዛ ዙሪያ ስለሱ የምታወሩት ሰው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ባይቀመጥም ወሬው ይደርሰዋል። ነገ ሐኪም ቤት መሄዱንና አለመሄዱን የሚወስነው ዛሬ እናንተ በምትናገሩት ነው። እኔ አሁን ክፍሌ ውስጥ ታካሚ ሲገባ በሩን ራሴ ተነሥቼ እዘጋለሁ። ምላሴንም ብዙ ቦታ ትቼዋለሁ፤ እናቴ ብታየኝ ታመሃል ወይ ትለኝ ነበር።

ይህን ልጽፍ ስነሣ ፈቃዱን መጠየቅ ነበረብኝ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ከሰላምታ ግን አልፈን አናውቅም። ረቂቁን በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት። "ምንም የሚያሳውቅህ ነገር እንዳይኖርበት ደግሜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ" አልኩት። ከሳምንት በኋላ መለሰልኝ። ሦስት ቦታ ሰርዞበታል። ከሦስቱ ሁለቱ ምልክት መሆናቸውን፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም፣ እኔ አላየሁም ነበር።